እኔ ያስቀደድኩት ፈሰስና የታችኛዋ ምንጭ

ስለ ራሴ አስቀድሜ እኔው ልናገር፤ ሌላ ሰው ቢናገርልኝ ያሳንሰዋል። ዕድሜዬን የጨረስኩት በጎንደር ከተማ ድንጋይ ስገነባ ነው። ትምህርት ቤት የገባሁት ግድግዳውን ለመሥራት ብቻ ነው። ፊደል የለየሁት በሲሚንቶ ከረጢት ላይ የተጻፈውን እያገጣጠምኩ፣ ቁጥር የተማርኩት ከሜትር ላይ ነው። የሕንፃ ስዕል እንዴት እንደሚነበብ ያስተማረኝ የለም፤ ሌላው ሠራተኛ ምሳውን ሲበላ እኔ ስዕሉን መሬት ላይ ዘርግቼ ከቆመው ግድግዳ ጋር እያስተያየሁ ለመድኩት። የገነባሁት የድጋፍ ግንብ ሁሉ እስከ ዛሬ ቆሟል። አንድም የተናደ የለም። የሚጠራጠር ካለ ይምጣና እየዞርኩ ላሳየው፤ እግሬ ገና አልደከመም።

ከግንቡም በላይ የምኮራው ውሃ በማወቄ ነው። የተወለድኩት መካነ ብርሃን አጠገብ፣ ሜዳ የሚባል ነገር በሌለበት ነው። እዚያ የውሃን ጠባይ ያላወቀ ሰው ማሳው በአንድ ክረምት ታጥቦ ገደል ይገባል። አንድ ተዳፋት አሳዩኝና ዝናቡ በየት በየት እንደሚወርድ በእግሬ ጣት አሰምርላችኋለሁ። መሐንዲሶች በመሣሪያቸው ሲለኩ ውለው እኔ ያሰመርኩት ላይ ሲደርሱ ስንት ጊዜ አይቻለሁ። ይህን ሁሉ የምነግራችሁ፣ ይህን ያህል የሚያውቅ ሰው አንዲት ምንጭ ለመግደል ምን ያህል እንደቀረበ እንድትረዱልኝ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በከተማው ዳር፣ ወደ አንገረብ በሚያዘቀዝቀው ተዳፋት ላይ አንድ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ተጀመረና ፎርማን ሆኜ ተቀጠርኩ። መሐንዲሷ ወጣት ሴት ነበረች፤ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣች ብዙ አልቆየችም። «አባባ» ትለኛለች፣ ስታናግረኝ ድምፅዋን አታነሳም፣ የያዘችውን ግን አትለቅም። የቀን ሠራተኞቹ ከጃናሞራ የመጡ ገበሬዎች ነበሩ። እዚያው ግቢ ውስጥ በቆርቆሮ ቤት ያድራሉ። የአገሬ ልጆች ስለሆኑ «አያ» ይሉኛል፤ የምላቸውንም ለመሥራት ሁለት ጊዜ አያስነግሩኝም።

ከግቢያችን በታች፣ ድንጋይ ቢወረወር በሚደርስበት ርቀት ላይ፣ አንዲት ምንጭ አለች። ዓይኗ ከመዳፍ አይሰፋም። ከቋጥኝ ሥር ወጥታ በድንጋይ የታጠረች ትንሽ ገንዳ ትሞላለች። በዚያ ሰፈር የቧንቧ ውሃ በሳምንት አንዴ ከመጣ ሰው ተጠራርቶ ነው የሚቀዳው። ስለዚህ ከታች ያሉት ቤቶች የሚጠጡት ከምንጯ ነው። የምትጠብቃት አንዲት ሴት አለች። ደመወዝ የላትም፤ ሥራውን ከእናቷ ነው የተረከበችው። ጠዋት ዙሪያውን ትጠርጋለች፣ ወረፋ ታስይዛለች፣ ልብስ ሊያጥብ የመጣውን ታባርራለች። እኔ በዕድሜ ብበልጣትም «እመት» ነው የምላት፤ በቁጣ ትበልጠኛለችና።

መሬቱ ተቆርጦ አፈሩ በግቢው ላይኛ ክፍል ሲከመር፣ ይህች ሴት ወጥታ ክምሩን ለረጅም ጊዜ አየችው።

«አያ፣ ዝናብ ሲመጣ ይሄ ሁሉ አፈር የት ይሄዳል?»

«እመት፣ እኔ እዚህ ቆሜ አንዲት ጠብታ ጭቃ አይወርድብዎትም።»

«ቃልዎ ነው?»

«ቃሌ ነው።»

በሠራተኛው ሁሉ ፊት ነው ይህን ያልኩት።

ሰኔ ሲገባ የመሠረቱ ጉድጓድ ውሃ ይይዝ ጀመር። መሐንዲሷ ስዕሏን ዘርግታ ጠራችኝ። በግቢው የታችኛ ጫፍ ሰፊ ጉድጓድ እንዲቆፈር፣ ከግቢው የሚወጣው ውሃ ሁሉ መጀመሪያ እዚያ ገብቶ እንዲረጋ፣ አፈሩ ከታች ሲቀር የጠራው ብቻ እንዲወጣ ነው የሳለችው። ስዕሉን አየሁና ሳቅኩ።

«ልጄ፣ ውሃ ምን መንገደኛ ነው አልጋ የሚያዝለት?»

ሠራተኞቹ ሳቁልኝ። እሷ አልሳቀችም።

«አባባ፣ አፈሩን ይዞ ነው እኮ የሚወርደው። ሲሚንቶ ያጠብንበትም፣ ዘይቱም።»

«ውሃውን ከግቢ እንዳስወጣልሽ አይደል የምትፈልጊው? ለኔ ተይው።»

ሌላም ግንባታ ትቆጣጠር ስለነበር ተወችልኝ። ጉድጓዱን ግን እንዳልረሳው ሁለት ጊዜ ነግራኝ ሄደች።

እኔ ጉድጓድ አላስቆፈርኩም። ፈሰስ አስቀደድኩ። በእኛ አገር ገበሬ ዘርቶ ሲጨርስ በማሳው ላይ ዘንበል ያለ ቦይ ይቀድዳል፤ ፈሰስ የሚባለው ይህ ነው። ክረምት ሲከብድ ውሃው በፈሰሱ ተሰብስቦ ቶሎ ከማሳው ይወጣል፤ ዘሩም አይታጠብም፣ ሥሩም አይበሰብስም። ጎበዝ ገበሬ በፈሰሱ ይታወቃል። ውሃው ከማሳው ከወጣ በኋላ የት እንደሚሄድ ግን ማንም አይጠይቅም። ከድንበሩ በታች ያለው ገደል ነው፣ ወይም የሌላ ሰው ጣጣ ነው። እኔም፣ እነዚያም ሁሉ ገበሬዎች ከልጅነታችን ጀምሮ የምናውቀው ይህን ነው። ውሃን ማወቅ ማለት ውሃን ማስወጣት ይመስለን ነበር።

መስመሩን በእግሬ ጣት አሰመርኩ። በዶማና በአካፋ ግማሽ ቀን አልፈጀባቸውም። በግቢው የታችኛ ድንበር ላይ ለአጥር ግንብ መሠረት የተቆፈረ ጥልቀቱ ወገብ የሚደርስ ቦይ ከዳር እስከ ዳር ተጋድሞ ነበር፤ ፈሰሱ ተሻግሮ እንዲወጣ እሱን አንድ ቦታ ላይ በአፈርና በድንጋይ ሞልተን ድልድይ አደረግነው። ሲያልቅ ከሠራተኞቹ በዕድሜ የሚበልጠው፣ ጸጉሩ የሸበተ ሰው፣ ከላይ ቆሞ አየና «አያ፣ ሸጋ ፈሰስ ነው! አገሬ የገባሁ መሰለኝ» አለ። እውነትም ሸጋ ነበር። እንዲያ ቀጥ ያለ ፈሰስ በሕይወቴ አላስቀደድኩም።

በሰኔ ሚካኤል ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ከባድ ዝናብ ወረደ። በቆርቆሮው ጥላ ሥር ቆሜ አየሁ። ውሃው ከመሠረቱ ጉድጓድ ዙሪያ ተሰብስቦ ወደ ፈሰሱ ገባ፣ እየገሰገሰ ድልድዩን ተሻገረ፣ ጠፋ። ጉድጓዱ ደረቅ ቀረ። እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ እንደ ባለርስት ቆሜ ነበር።

ዝናቡ እንዳባራ ያቺ ሴት ዳገቱን ወጣች። ጫማዋ በእጇ ነው፤ በሌላው እጇ ቢጫ ጀሪካን ይዛለች። ማንንም ሳታናግር ቀጥ ብላ ፊቴ መጣች፣ ከጉያዋ ብርጭቆ አወጣች፣ ቀዳችና ዘረጋችልኝ።

«ይጠጡ እንጂ አያ።»

ውሃው እንደ ጠላ አተላ ነው። ላዩ ላይ ደግሞ ሰማያዊና ወይን ጠጅ የሆነ ነገር ይንሳፈፋል። ወዲያው አወቅሁት። የኮንክሪት ሳንቃ እንዳይጣበቅ የምንቀባው የተቃጠለ ዘይት ነው፤ በርሜሎቹ ከፈሰሱ ራስ አጠገብ ነበር የቆሙት።

«ምነው፣ አይጠጡም? የላኩልኝን እኮ ነው ያመጣሁት።»

ሠራተኞቹ ዙሪያችንን ቆመዋል። አንድም የሚስቅ የለም። ብርጭቆውን ተቀበልኩና ሳልጠጣ መለስኩላት።

ተከትያት ወረድኩ። ገንዳዋ ግማሽ ድረስ ደለል ሞልቷል። የምንጯ ዓይን በጭቃ ተሸፍኖ በአንድ ጎን ብቻ ክር የሚያህል ውሃ ይወጣል። ሴትዮዋ ተንበርክካ በጣቷ ጠረገችው።

«እናቴ ሳለች ከዚህ በላይ ሌላ ምንጭ ነበረች» አለች ቀና ሳትል። «መንገድ ሲሠራ አፈር ደፉባት። አንድ ክረምት ታፈነች፣ በሁለተኛው በሌላ በኩል ቀድዳ ሄደች። የት እንደሄደች እስከ ዛሬ አላወቅንም። አንድ እንደዛሬው ያለ ዝናብ ከመጣ ይህችም ትሄዳለች። ከዚያ በኋላ እነዚህ ቤቶች ምን ይጠጣሉ?»

ሰማዩን አየሁ። በሰሜን በኩል ደመናው አልተበተነም፤ ተቆልሎ ቆሟል። ነገም በዚያው ሰዓት እንደሚመጣ ለማወቅ ሽማግሌ መሆን አያስፈልግም።

ለመሐንዲሷ ስልክ ደወልኩ። የሆነውን ሁሉ፣ የራሴንም ጥፋት ሳልደብቅ ነገርኳት። «ስዕሉ ላይ ነበር» ልትለኝ ትችል ነበር፤ አላለችም። «ነገ በጠዋት እመጣለሁ» ብቻ አለች። ተቆጥታኝ ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

በማግስቱ ሠራተኞቹ ነጠላቸውን እንደለበሱ ከቤተ ክርስቲያን ተመለሱ። መሐንዲሷም መጣች፣ ሴትዮዋም ወጣች። እኔ ዶማና አካፋውን አውጥቼ ደርድሬ ጠበቅኳቸው። አንድም ሰው እጁን አልዘረጋም።

«አያ፣ ዛሬ ሚካኤል ነው» አለ ጸጉሩ የሸበተው ሠራተኛ።

«ሚካኤል መሆኑን አጣሁት?»

«እንግዲያ ምነው ዶማ ያስነሱናል? በሚካኤል አፈር አይነካም። በእኛ ቀበሌ አንዱ በበዓል በሬ ጠምዶ፣ በረዶ የጎረቤቱን ገብስ ሁሉ አጭዶት ሄደ። የእሱን ብቻ ቢሆን ደግ ነበር።»

«ይሄ እርሻ አይደለም፣ ግንባታ ነው።»

«አፈር አፈር ነው፣ አያ።»

ሴትዮዋን አየሁ፤ ለምንጯ ስትል ትደግፈኛለች ብዬ። እሷ ጭራሽ ከእነሱ ባሰች።

«እኔም ብሆን አላስቆፍርም። ሚካኤልን አስቀይመው ምንጬን ሊያድኑ? በረዶ ቢወርድስ ማን ሊጠየቅ ነው?»

መሐንዲሷ ወደ እኔ ተጠጋችና በለሆሳስ «ኤክስካቫተር ልከራይ?» አለችኝ። «ልጄ፣ በዚህ ሰፈር በሚካኤል መኪና አስነስተሽ ከምትቆፍሪ ምንጯን ራስሽ ብትደፍኛት ይሻልሻል» አልኳት። እሷም ገባት። ደመናው እየወረደ ነው። ከዚያ በኋላ የነበረንን ጊዜ በሰዓት አልቆጠርኩትም፤ በየጊዜው ወደ ሰሜን በማየት ነው የለካሁት።

በግቢው ውስጥ ብቻዬን ዞርኩ። ጉድጓድ ያስፈልገኛል፤ መቆፈር ግን አልችልም። ታች ድንበሩ ጋ ስደርስ ቆምኩ። እግሬ ሥር ጉድጓድ አለ! የአጥሩ መሠረት ተብሎ የተቆፈረው፣ ወገብ የሚደርሰው፣ ከግቢው ዳር እስከ ዳር የተጋደመው ቦይ። እኔው ድልድይ ሠርቼ ውሃውን ያሻገርኩበት ቦይ። ድልድዩን ካፈረስኩ ውሃው ሁሉ እዚያ ይገባል፤ ገብቶ ይረጋል፤ የልጅቷ ስዕል የሚለውም ይህንኑ ነው። ጮህኩና ጠራኋቸው።

«ይሄ ድልድይ ምንድነው?» አልኩት ሽበታሙን።

«አፈርና ድንጋይ።»

«ማን ሞላው?»

«እኛው ነና።»

«በዚህ ሳምንት የሞላሁትን መልሼ ባነሳ ቁፋሮ ነው? አንድ ሰው ያፈሰሰውን እህል ቢለቅም አጨደ ይባላል?»

እርስ በርስ ተያዩ። ወደ ዳር ወጥተው ተነጋገሩ። ሽበታሙ ተመለሰና «ዶማ ካልነካው፣ አካፋም ካልነካው፣ በእጅ ብቻ ከሆነ መልቀም ነው» አለ። ሴትዮዋም ትንሽ አሰበችና «በእጅ ከሆነ ይሁን» አለች።

መጀመሪያ የተንበረከክሁት እኔ ነኝ። በዚህ ዕድሜዬ ጭቃ ውስጥ ተንበርክኬ በጣቶቼ ጫርኩ። ሱሪዋ ንጹሕ የነበረው መሐንዲሷም አጠገቤ ተንበረከከች። ከዚያ ሁሉም ነጠላውን ወገቡ ላይ አሰረ። ድንጋዩንና አፈሩን በባሬላ ተሸክመው አነሱት። ድንጋዩን ከቦዩ በታች በቀረው ፈሰስ ላይ ሦስት ቦታ ውሃ የሚያግድ ክትር አድርጌ ደረደርኩት፤ ድንጋይ መደርደር በየትኛውም በዓል ማንም የከለከለው የለም። ቀደም ሲል ለኮንክሪት የተሰበሰበውን አሸዋ በማዳበሪያ ሞልተን የክትሩን ሆድ አጠናከርን።

ቦዩ ሲሞላ ትርፉ የት ይውጣ በሚለው ላይ ከመሐንዲሷ ጋር ተከራከርን። እኔ በዓይኔ አይቼ «በምዕራብ ጫፍ፣ ከምንጯ ወጣ ብሎ ወዳለው የሰርዶ ሣር» አልኩ። እሷ ውሃ የሞላ ቱቦ ዘርግታ ከሁለቱም ጫፍ ለካች። ምዕራቡ በአንድ ጣት ዝቅ ይላል። ቱቦውን ጠቅልላ «አባባ፣ ከመሣሪያዬ እኩል ነዎት» አለችኝ። ቀደምኩት እንጂ እኩል አይደለሁም አላልኳትም፤ ዕለቱ ለዚያ አይመችም ነበር።

ሌሎቹ የዘይት በርሜሎቹን እያንከባለሉ ሲሚንቶ መጋዘን አስገቡ። ዘይት የጠጣው መሬት ላይ ሰጋቱራ ነስንሰው ሲመጥ በእጃቸው አፈሱት። የላይኛውን የአፈር ክምር በሸራ ሸፈኑ፤ ሸራው አልበቃም፤ ሴትዮዋ ወርዳ ሰፈሩን ቀሰቀሰችና ሰዎች ጭድ በአንሶላ ተሸክመው መጡ። ጭዱን በቀረው ክምር ላይ በትነን ድንጋይ ጫንንበት።

ትርፉ ውሃ እንዲጣራበት የተረፈውን ጭድ በምዕራብ ጫፍ ስንጠቀጥቅ ቆርቆሮው ላይ ጠብ አለ። ደግሞ ጠብ። ቀና ስል እግሬ አጠገብ የሽንብራ ፍሬ የሚያህል በረዶ ተንከባለለ።

ሁሉም እኔን አዩ። ሽበታሙ አማተበ። «አያ…» ብሎ ጀመረ።

«በእጅ ነው የለቀምነው!» አልኩት፣ ለእሱም ለሰማዩም በሚሰማ ድምፅ።

በረዶው ጥቂት ተንጣጣና ወደ ዝናብ ተለወጠ። ሴትዮዋ ወደ ምንጯ ሮጠች። ውሃው እንደ ትናንቱ ተሰብስቦ በፈሰሱ ገሰገሰ፣ ድልድዩ የነበረበት ሲደርስ ወደ ቦዩ ወደቀ። ቦዩ መሙላት ጀመረ። ጉልበት ደረሰ። ጭን ደረሰ። ቦዩን ከያዘው ክትር ሥር ቡናማ ውሃ ማንጠባጠብ ሲጀምር ጮህኩ። ሁለት ሠራተኞች ማዳበሪያ ጨመሩበት፣ እኔ ጀርባዬን ለድንጋዩ ሰጥቼ ተቀመጥኩ። ውሃው ከኋላዬ ሲገፋ በወገቤ ይሰማኛል። ካፉ ሊፈስ አንድ ስንዝር ሲቀረው በምዕራብ ጫፍ በጭዱ ውስጥ እየተጣራ ወደ ሰርዶው ይወጣ ጀመር። ስንዝሩ አልጨመረም፣ አልቀነሰምም። እዚያው ቆመ።

ዝናቡ ሲያባራ ማንም አልተነሳም። ሁላችንም ቁልቁል መንገዱን እናያለን። ከብዙ ጊዜ በኋላ ሴትዮዋ ብቅ አለች፣ ያንን ቢጫ ጀሪካን ይዛ፣ ቀስ እያለች። ብርጭቆውን አወጣች፣ ቀዳች፣ ወደ ብርሃን አነሳችው።

ትንሽ ደፍረስ ብሏል። ዘይት የለበትም።

«ይሄ የትናንቱ ነው» አለች። «የዛሬ አልገባም። ዓይኗ ተከፍቶ ጠርጋ እያወጣችው ነው።»

«እመት፣ ቃሌን አጥፌ ነበር» አልኳት።

«አጥፈው ነበር» አለች። ከዚያ ብርጭቆውን ዘረጋችልኝ። «ይጠጡ።»

ጠጣሁት። ሠራተኞቹ የዚያን ጊዜ ነው የሳቁት።

ያ ክረምት እስኪወጣ ያከናወንኩትን ደግሞ ልቁጠር፤ ማንም እንዳይረሳው።

አገሬ እንኳ ያላስቀደድኩትን ሸጋ ፈሰስ በራሴ እጅ አጥፍቻለሁ።

በዶማ ሳልነካ፣ በሚካኤል ዕለት፣ በረዶ ሳላስወርድ (ጥቂቷ አትቆጠርም) ጎርፍ አስቁሜያለሁ።

በዓሉ ሲያልፍ በስዕሉ ላይ ያለውን ጉድጓድ አስቆፍሬያለሁ፤ ከስዕሉም አብልጬ በሁለት ክፍል ከፍዬ በድንጋይ ገንብቼዋለሁ። መሐንዲሷ ለሌላው ግንባታዋ ስዕሉን እንደ እኔ አድርጋ አስተካክላዋለች።

ደለሉን በየሳምንቱ አስወጥቼ ከላይ መልሻለሁ፤ በአፈሩ ክምር ላይ ሣር አስበቅያለሁ።

ለዘይት በርሜሎቹ ወለሉ የተገነባ፣ ዙሪያው ከፍ ያለ ጥላ ሠርቻለሁ። ሲሚንቶ የታጠበበት ውሃ ለብቻው ጉድጓድ አለው።

ስድስት የጃናሞራ ገበሬዎች አገራቸው ሲመለሱ ከፈሰሳቸው ጫፍ ላይ ክትር እንዲሠሩ አስተምሬያለሁ። ሽበታሙ ሠርቶታል፤ ጎረቤቱ መርቆታል አሉ።

የምንጯን ገንዳ በነፃ፣ በተጠረበ ድንጋይ፣ እንደ አዲስ ገንብቻለሁ። እዚያ ስሄድ ወረፋ አልጠብቅም፤ ያቺ ሴት በዚያው ብርጭቆ ትቀዳልኛለች። ከመስጠቷ በፊት ግን እስከ ዛሬ ድረስ አንድ ጊዜ ወደ ብርሃን አንስታ ታየዋለች።